ሁለት መቁጠሪያ

በፖላንድ ምሥራቅ ጠርዝ፣ ሊፖቬትስ ከተማ፣
የጥቅምት እሑድ ደወል ከወንዝ ማዶ ሲሰማ፣
ደወል ደዋዩ ቦጉሚል
ከደጃፉ ቆሞ በአውራ ጣቱ ጠቅ ሲል፣
የብረት መቁጠሪያው ሰው ይለቅማል፤
አንዲት ነፍስ በገባች አንዴ "ጠቅ" ይላል።
በዓመት አንዴ ነው፤ ጳጳሱ ቁጥር ይሻሉ፣
ስንት መጣ? ስንት ቀረ? ይላሉ።

እናቴ ጌኖቬፋ ግን አልጋዋ ላይ ናት፣
ሌላ መቁጠሪያ አላት።
ፍሬዎቹ እንጨት ናቸው፤ አንዷ በጦርነቱ ዘመን ጠፍታ፣
ክሩ ባዶ ቀርቷል በዚያች ቦታ።
ጣቷ እዚያ ሲደርስ፣ ባዶው ክር ላይ ቆማ፣
ለሌለችው ፍሬ ትጸልያለች ደግማ።

እኔ ልጇ ኦቲሊያ፣ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ፣
እንደ ልማዴ ከሊፓው ዛፍ ሥር ነኝ፣ ከፊሌ ገቢ ከፊሌ አላፊ።
ዝናብ ወረደ። አንድ እግሬን አሳረፍኩ ከደፉ፤
ቦጉሚል አየኝ፤ አልተናገረም አፉ።
ጠቅ? እንጃ። ደወሉ ዋጠው።

ማክሰኞ ስብሰባ። ከአዳራሹ ግድግዳ
መስቀሉ ይቆይ ወይስ ይውረድ፤ ይህ ነው የሰሞኑ ዕዳ።
ራዶስዋቭ ተነሣ ወረቀቱን ይዞ፣
"አራት መቶ ዐሥራ ሁለት!" አለ ተመርኩዞ፣
"ከመዝገብ ሺህ አንድ መቶ! ከመቶ ሠላሳ ሰባት!
ይውረድ እንግዲህ፤ አብዛኛው ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው ሰንበት።"
ዩስቲና ጠረጴዛ ደበደበች፦ "ሐሰት!
አምና ሠላሳ አምስት ነበር፤ እምነት አድጓል በሁለት!"

ያው አንድ ቁጥር ነው፣ በሁለት አፍ ሲበላ፤
አንዱ በፊት በኩል፣ አንዷ በኋላ።

ከመጨረሻው ወንበር ቪየስዋቫ አለች፣
አርባ ዓመት ክፍልፋይ ያስተማረች፣
ጠመኔው ከጥፍሯ ዛሬም ያልለቀቀ።
"ላዕሉን ሁሉ ያያል፤ ታህቱን ማን ጠየቀ?
ሺህ አንድ መቶ ያላችሁት፣ እስቲ ስማቸው ይነበብ፤
ሦስት መቶው የሉም፤ ዕቃ ጫኝ ሆነዋል ከሃምቡርግ ወደብ።
መቶ ሃያው ደግሞ በእርግጥም ከታህት ናቸው፣
ከአጥሩ ማዶ ተኝተው፣ ሣር በቅሎባቸው፤
መዝገብ ያልሰረዛቸው፣ እግዜር የጠራቸው።
የቀረነው ስድስት መቶ ሰማንያ ነን። አካፍሉት፤
ስልሳ ይወጣል።" (ዩስቲና ፈገገች።) "ቆይ፣ አታጨብጭቡለት!
መዘምራኑ ጧት ማታ መጥተው ሁለቴ ተቆጥረዋል፤
ገሚሱን ዝናብ ነው ያስገባው፤ ዝናቡን ማን አጥምቆታል?
ጌኖቬፋ በሬዲዮ ስታስቀድስ ከአልጋዋ
ማን ጠቅ አለላት? ወይስ ከነፍስ አትገባም ነፍስዋ?
አምናስ? ምናልባት በዚያን እሑድ በረዶ ነበር።
ሁለት ነጥብ መንገድ ነው ብሎ፣ ማነው ትንቢት የሚናገር?"

ያኔ ታታሩ ሰሊም፣ እንጨት ሰንጣቂው፣ እጁን አወጣ፦
"በዚህ ከተማ ሰጋጁ እኔ ብቻ፤ ከመቶ ስንት ልወጣ?
አስልቼው ነበር፤ አጠጋግታችሁ ስትጽፉኝ ዜሮ ነኝ፤
የግብሩ ደረሰኝ ግን አንድም ቀን አላጠጋጋኝ።"

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ከመስቀሉ ሥር ደርሶ ቆመ።
ማንም ቀና ብሎ አላየም።
ቪየስዋቫ ካፖርቷን እያነሣች፦ "ቁጥር ስንት ቢሉት ይመልሳል፤
ይገባል ወይ ብትሉት ግን፣ እሱም እንደናንተ ያንቀላፋል።"

ውሳኔው ለኅዳር ተላለፈ። "ተላለፈ" ብዬ ጻፍኩ፤
ቀለሙ ሳይደርቅ ቦጉሚልን ፍለጋ ሮጥኩ።
ከደወሉ ገመድ ሥር ነበር፣ ጫማውን ሲጠርግ።
"እሑድ፣ አንድ እግሬ ደፍ ላይ ሳለ፣ ቆጠርከኝ?"
"ጠቅ አደረግኩሽ፤ ወዲያው ግን፣ ልጄ፣ ጥርጣሬ ገባኝ።
ልመልሳት ብል ደግሞ…" መቁጠሪያዋን በመዳፉ ገለበጣት፣
"ወደፊት እንጂ ወደኋላ መሄድን አላስተማሯት።"

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ባዶው ክር ላይ ደርሳ ነበር፤
አንድ እግሬ ደፍ ላይ፣ ጠበቅኳት፣ እስክትሻገር።